የተማሪ ካሜራ በሐረር ጓዳ

ሐረር ለካሜራ አዲስ አይደለችም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ካሜራ አስመጥቶ እዚሁ ከተማ ውስጥ ፎቶ አንስቷል፤ ራሱንም ጭምር። ከእሱ ወዲህ የመጣው እንግዳ ሁሉ ያነሳል፦ ማታ ማታ ጅብ የሚቀለብበትን ቦታ፣ የጀጎልን ግንብ፣ ቀለም የተቀባውን ጠባብ መንገድ፣ በዚያ መንገድ ላይ ደማቅ ሻሽ አስራ የምታልፈውን ሴት። ፎቶው ሲታተም ግርጌው ላይ «የሐረሪ ሴት በባህል ልብሷ» ተብሎ ይጻፍበታል። ስሟ የለም። ከየት መጥታ ወዴት እየሄደች እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚጠብቃት የጠየቃት የለም።

ይህች ሴት ለኮሌጅ መምህር ጥሩ የትምህርት መነሻ ናት። ተማሪዎቹን «ስለ እሷ ጻፉ» ቢላቸው ማደሪያቸው ተቀምጠው ከሁለት ሦስት መጽሐፍ ይቀዳሉ፤ በክፍል የነገራቸውንም መልሰው ለእሱው ያስረክቡታል። «ስለ እሷ ፊልም ሥሩ» ቢላቸው ግን ተነስተው መሄድ አለባቸው። ሰላም ይላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ የቀረበላቸውን ይጠጣሉ፣ ይጠይቃሉ። እሷም ያልጠበቁትን ትመልሳለች። ተማሪው ያዘጋጀው የጥያቄ ዝርዝር አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ከንቱ ሆኖ ያገኘዋል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ ቅንብሩ አለ። ሁለት ሰዓት የተቀረጸ ነገር ወደ ሰባት ደቂቃ ሲወርድ አብዛኛው ይጣላል። ስለ ባሏ የተናገረችው ይቅር? ስለ ገንዘብ ያወራችው ይግባ? ዝም ብላ መሬት መሬት ያየችባቸው ሃያ ሰከንዶችስ? አንዱን ባስቀሩ ቁጥር «የማን ቃል እንደ እውቀት ይቆጠራል?» የሚለውን የሥርዓተ ፆታ ጥናት ዋና ጥያቄ በራሳቸው እጅ እየመለሱ ነው። ክፍል ውስጥ ሲነገር ረቂቅ የሚመስለው ጥያቄ ላፕቶፕ ላይ የአንድ ቁልፍ ጉዳይ ይሆናል፤ ቁልፉን የተጫነውም ሰው መልስ ይጠየቅበታል።

ስለ ሴቶች የሚያወራ ትምህርት ሁሉ ፌሚኒስት አይባልም። መምህር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ስለ ሴቶች መብት ሁለት ሰዓት ቢናገርና ተማሪዎቹ ጽፈው ቢወጡ፣ ከመብቱ ይልቅ የሚማሩት ሌላ ነገር ነው፦ የሚያውቀው ይናገራል፣ የማያውቀው ይሰማል። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ቤል ሁክስ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ማስተማር ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን አጥብቃ ተችታዋለች። ተማሪዎቹን ሕይወታችሁን ግለጡልኝ እያለ የራሱን የሚሸፍን መምህር ሥልጣኑን እየተጠቀመባቸው ነው የሚል ሙግት አላት። ከዚህ ተነስቼ እንዲህ ያለ ክፍል የሚጀምር ሁሉ የመጀመሪያውን ልምምድ በራሱ ላይ እንዲያደርገው እመክራለሁ። መምህሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ ስልኩ ይከፈት፣ አንዲት ተማሪ ትጠይቀው፦ «ቤትህ ውስጥ ልብስ የሚያጥበው ማን ነው? ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ወጥ ሠራህ?» ካሜራ ፊት ተቀምጦ እንዲህ ያለ ጥያቄ መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያልቀመሰ ሰው፣ የሰው እናት ፊት ካሜራ እንዲደቅኑ ተማሪዎችን መላክ የለበትም።

ዘዴው የተማሪ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1971 በኦሃዮ የሚገኘው የአንቲዮክ ኮሌጅ ተማሪዎች የነበሩት ጁሊያ ራይከርትና ጂም ክላይን «ግሮዊንግ አፕ ፊሜል» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠሩ። ፊልሙ ከ4 ዓመት ሕፃን እስከ 35 ዓመት እናት ድረስ ስድስት ሴቶችን ይከተላል፤ ሴት ልጅ ምን ሆና እንድታድግ እንደሚጠበቅባት ይጠይቃል። ምሁር አስቀምጠው አላስተነተኑም፤ ሴቶቹንና አስተዳደጋቸውን የሚወስኑትን ሰዎች ጠየቁ። ፊልሙ አከፋፋይ ስላልነበረው ሠሪዎቹ ኒው ደይ ፊልምስ የተባለ የማከፋፈያ ኅብረት ከሌሎች ጋር አቋቋሙ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ፊልሙ በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ተካተተ። ራይከርትም በ2020 በሌላ ሥራዋ የኦስካር ተሸላሚ ሆናለች።

የእኛም ሰዎች አሉበት። ሳለም መኩሪያ ቦስተን አጠገብ ባለው የሴቶች ኮሌጅ፣ ዌልስሊ፣ ፊልምና ቪዲዮ ለዓመታት ያስተማረች ኢትዮጵያዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 የሠራችው «ስደት» ወደ ሱዳን የተሰደዱ ሦስት ሴቶችን ይዞ ይሄዳል። በዚያ ዘመን የዓለም ቴሌቪዥን ስለ ኢትዮጵያ የሚያሳየው ረሀብተኛ ፊት ነበር፤ ብዛት እንጂ ስም የሌለው። እሷ ለሦስት ሴቶች ጊዜ ሰጠች። በ1997 ባወጣችው «የወንዝ ማዕበል» ደግሞ ካሜራውን ወደ ራሷ ቤት አዞረች፤ በቀይ ሽብር ዘመን ስላጣችው ወንድሟና ስለ ቅርብ ጓደኛዋ ጠየቀች። የታማራ ዳዊት «ፋይንዲንግ ሳሊ» (2020) በተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል። ኢሕአፓን ተቀላቅላ ስለጠፋችው አክስቷ ሰላማዊት ቤተሰቡ ለዓመታት ዝም ብሎ ኖሯል፤ የወንድም ልጅ መጥታ አክስቶቿን አንድ በአንድ አስቀምጣ ጠየቀች። ለተማሪ የሚበጀው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ለመጀመሪያ ፊልምህ ሩቅ አትሂድ፤ ቤትህ ያልተጠየቀች አክስት አለች።

ሐረርን በተመለከተ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የጄሲካ በሽር ሥራ ነው። በሽር ሐረር ያደገች፣ በ16 ዓመቷ ከአገር የወጣች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ እናቷ ሜክሲኳዊት የሆነች ባለሙያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ሐረሩ ጅብ ቀላቢ «ሃይራት» የተባለ አጭር ፊልም ሠራች። በ2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የታየው «ፋያ ዳዪ» ደግሞ አሥር ዓመት ያህል እየተመላለሰች የቀረጸችው ነው። ዳይሬክተሯም፣ ፕሮዲዩሰሯም፣ ካሜራ የያዘችውም እሷው ናት። በጥቁርና ነጭ ምስል፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪኛና በአማርኛ፣ ጫት የሚለቅሙና የሚያስሩ እጆችን፣ ለመሰደድ የሚያስቡ ወጣቶችን፣ የሱፊያን ትረካ እያጠላለፈ ይሄዳል። አስረጂ ድምፅ የለውም። ተማሪ ይህን ፊልም ሲያይ «ምን ልዩ ካሜራ ይዛ ነው?» ይላል። ልዩነቱ አሥር ዓመቱ ነው። አንድ የኮሌጅ ሴሚስተር አሥር ዓመት ሊሆን አይችልም፤ ግን መቅረጽ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጊዜ ያለ ካሜራ ሄዶ መቀመጥ ይቻላል። ይህን እንደ ሕግ ብታደርጉት ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ቤት እንግባ።

የሐረሪ ባህላዊ ቤት ጌይ ጋር ይባላል። ዋናው ክፍል ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት፤ ነደባ ይሏቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ አሚር ነደባ የክብር ቦታ ነው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው። ብርሃን የሚገባው በአብዛኛው ከበሩ ነው። ስለዚህ ካሜራ የያዘችው ተማሪ ሁለት ነገር ትማራለች። ባለቤቲቱ ከበሩ ወደ ጎን ዞር ብላ ስትቀመጥ ፊቷ ግማሹ በብርሃን ግማሹ በጥላ ይሆናል፤ መብራት ተሸክሞ መምጣት አያስፈልግም። ካሜራውም ቁመቱ የተቀመጠ ሰው ዓይን ላይ ይሁን። ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ቤት ቆሞ መቅረጽ የቤቱን ሰው ቁልቁል ማየት ነው፤ ምስሉም ይህን አይደብቅም።

አስጎብኚዎች ለእንግዳ ከሚያወሩት አንዱ ስለ ምንጣፍ ነው። ከመግቢያው በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተሰቀለ በዚያ ቤት ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ይላሉ። እንግዳው ምንጣፉን ያነሳል፣ ይስቃል፣ ይወጣል። አሁን ለተማሪዎች እንዲህ በሏቸው፦ ምንጣፉ ስለ ልጅቷ የሚናገረውን ሰምተናል፤ ልጅቷ ስለ ምንጣፉ ምን ትላለች? እውነት ነው ትላለች? ያሳፍራታል? ያስቃታል? ወይስ «ለእንግዳ የሚወራ ተረት ነው» ትላለች? መልሷ ምንም ይሁን፣ ጥያቄው ወደ እሷ ሲዞር ፊልሙ መንገዱን ይለውጣል። ስለ ሴት የሚነገረውና ሴት የምትናገረው ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማስተማር ከዚህ የበለጠ አጭር ልምምድ አላውቅም።

ከባዱና የበለጠ የሚያስተምረው ሹዋሊድ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህ የሐረሪዎች በዓል ሦስት ቀን ይከበራል። ከበሮ አለ፣ ዝክሪ የሚባለው መንፈሳዊ ዜማ አለ፣ ወጣቶች ለብሰው አጊጠው ይወጣሉ። ካሜራም ይጎርፋል። በዓሉ ግን የሚመጣው ከረመዳን በኋላ ባሉ ስድስት የጾም ቀናት ማብቂያ ላይ ነው፤ በረመዳን ያመለጡ ቀናት የሚካካሱባቸው። በወር አበባዋ ቀናትና በወሊድ ጊዜ ሴት እንደማትጾም፣ ያመለጣትንም በኋላ እንደምትከፍል የታወቀ ነው። ስለዚህ አደባባይ ላይ የሚደምቀው በዓል ሴቶች ቤት ውስጥ ዝም ብለው ባሳለፏቸው ቀናት ላይ የቆመ ነው። ሦስቱ ቀን በየዓመቱ ይቀረጻል። ስድስቱን ቀን የሚቀርጽ አይታይም።

አንድ የተማሪ ቡድን ስድስቱን ቀን እሠራለሁ ቢል እንዴት ይጀምር? «ለምን ትጾሚያለሽ?» ብሎ አይደለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የመማሪያ መጽሐፍ መልስ ያመጣል፤ ከአንዲት ሴት አንደበት የወጣ ይመስላል እንጂ የእሷ አይደለም። በሰው ፊት የማይነገረውንም በግድ ወደ አደባባይ ይጎትታል። ይልቅስ ስለ ሥራ ይጠየቅ፦ «በእነዚህ ቀናት ሌላው የቤት ሰው ምሳ ይበላል? የሚያበስለው ማን ነው?» እንበልና የምትጾመው ሴት ለማይጾሙት ወጥ እየሠራች ነው። እሳት አጠገብ ናት፣ ሽታው ይመታታል፣ ጨው መመጠን አለባት። መቅመስ አልፈለገችምና ትንሿን ልጇን ጠርታ በማንኪያ ጫፍ ታቀምሳታለች። ልጅቷ ከንፈሯን ልሳ «ይጨመር» ትላለች። ካሜራው ማንኪያውን፣ ሁለቱን እጆችና የልጅቷን አፍ ከያዘ ይበቃል። ከአንድ ቃል በላይ ሳይነገር የቤት ሥራ፣ እምነት፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እውቀት ሁሉ አንድ ምስል ውስጥ አሉ። ይህን ምስል ያየ ክፍል «ያልተከፈለ ሥራ» ስለሚባለው ነገር ከዚያ በኋላ ቢያነብ የሚያነበውን ያውቀዋል።

ከዚህ ጋር የፈቃድ ጉዳይ ይመጣል፤ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ጀጎል ውስጥ ሰው ይተዋወቃል። የሴቶች አፎቻ አለ፤ ለሠርግም ለለቅሶም የሚሰባሰቡበት። ዛሬ የተነገረ ነገር ነገ አፎቻው ላይ ይደርሳል። ፊትን መሸፈን ብዙ አይረዳም፤ ድምፅ ይታወቃል፣ የግድግዳው ስፌት ራሱ የማን ቤት እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ወረቀት አስፈርሞ መሄድ ፈቃድ አይባልም። ከመቅረጽ በፊት ይጠየቅ፣ የተቀረጸው ለእሷ ብቻ ታይቶ እንደገና ይጠየቅ፣ ፊልሙ ከተቀናበረ በኋላም ይጠየቅ። በሦስተኛው ላይ «ይህቺን ቦታ አውጡልኝ» ካለች ይወጣል፤ ማርክ የሚያስገኘው ምርጡ ቦታ ቢሆንም። ተማሪው እዚህ ላይ ያኮርፋል። ያኩርፍ። ፊልሙ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባው ያኔ ነው። መምህሩም ፊልሙን ከእሷ በፊት ማየት የለበትም ባይ ነኝ፤ አንዳንድ ባልደረቦች ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ።

ወንድ ተማሪዎችስ? ብዙ ጓዳ አይገቡም፤ መግባትም የለባቸውም። ይህ እንደ ጉድለት ከመታየት ይልቅ የትምህርቱ አካል ይሁን፤ የማይገቡበት ክፍል እንዳለ ማወቅ ራሱ እውቀት ነው። ወንዶቹ መኪና ግርግር ይሂዱ። በስፌት መኪና ድምፅ የተሰየመው ይህ መንገድ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ የሚሰፉት ወንዶች፣ ጨርቅ ይዘው የሚመጡት በብዛት ሴቶች። ድምፁ ለፊልም ሠሪ ድግስ ነው። ግን ድምፁንና ቀለሙን ቀርጸው እንዳይመለሱ ሰፊውን ይጠይቁት፦ ምሳህን ማን ያመጣልሃል? ልጅህ ሴት ብትሆን መኪናው ላይ ታስቀምጣታለህ? ወንድን ስለ ሥራው ብቻ ሳይሆን ስለ ቤቱ መጠየቅ በእኛ ጋዜጠኝነት ያልተለመደ ነው፤ ሴትን ብቻ ስለ ቤት እንጠይቃለን።

ሐረር ደግሞ ጀጎል ብቻ አይደለችም። ሸዋ በር ላይ፣ ከግንቡ ውጭ ባሉት ገበያዎች፣ ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ የኦሮሞ ሴቶች አትክልትና ማገዶ ይሸጣሉ። ጫት በችርቻሮ የሚሸጡት በብዛት ሴቶች ናቸው። ስለ ጫት ብዙ ተብሏል፤ ስለሚቅመው ወንድ ማለቴ ነው። ማታ ገንዘቡን ስለምትቆጥረው ሴት፣ ያልተሸጠው ሲጠወልግባት ስለሚደርስባት ኪሳራ የተሠራ ፊልም ግን ተማሪዎች ገና ሊሠሩት የሚችሉት ነው። አንድ ክፍል አምስት ፊልም ሠርቶ አምስቱም የጌይ ጋር ስፌት ከሆኑ መምህሩ ይቆጣ። ስፌቱን የምትሰፋዋን አሳይቶ ማገዶ ተሸክማ ደጃፏ የቆመችውን ሴት ማደብዘዝ የእንግዳውን ፎቶ መድገም ነው።

ቋንቋም እዚሁ ላይ ይነሳል። ሴትዮዋ በሐረሪኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ታስባለች፤ ተማሪው «ለፊልሙ እንዲመች» በአማርኛ ይጠይቃታል። መልሷ ያጥራል፤ ቀልዷ ይጠፋል። በምታስብበት ቋንቋ ትናገር፣ ትርጉሙ ከሥር ይጻፍ፤ ከቡድኑ ውስጥ ቋንቋውን የምታውቀው ተማሪ በዚያ ቀን መሪ ትሁን። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የመጣ ተማሪ ደግሞ ሐረር ላይ «አንተ» ሲባል አይደንግጥ፤ ምሥራቅ ላይ አንቱታ ብዙም አይበረታም፣ ክብሩ በሌላ መንገድ ይገለጻል።

የታሪክ ተማሪዎችም ድርሻ አላቸው። ጀጎልን ያሠራው አሚር ኑር ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። የኢማም አሕመድ ባለቤት የነበረችው ባቲ ድል ወምበራ፣ የባሏን ሞት ለመበቀል ኑርን እንዳነሳሳችና እንዳገባችው የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ኑር እ.ኤ.አ. በ1559 አፄ ገላውዴዎስን የገደለበት ዘመቻ ያለ እሷ አይታሰብም። ከግንቡ በሮች አንዱ ሥር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን «ድል ወምበራን ታውቃታለህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ የአሥር ደቂቃ ፊልም ይወጣዋል።

ስለ መሣሪያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ደህና ስልክ፣ የስልክ ማቆሚያ፣ ከልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ይበቃል። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ማይኩ ይገዛ፤ የደበዘዘ ምስል ይታለፋል፣ ያልተሰማ ድምፅ አይታለፍም። ለቅንብር ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ ይገኛል። የተቀረጸው ሁሉ በዚያው ዕለት ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

የሥራ ክፍፍሉ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቅልቅል ቡድን ለራሱ ሲተው ካሜራው ወንድ እጅ ይገባል፤ ሴቷ ደብተር ይዛ ስም ትመዘግባለች፣ ምሳ ታስተባብራለች። ስለ ሴቶች እኩልነት ፊልም እየሠሩ! መምህሩ በየሳምንቱ ቦታ ያለዋውጣቸው፤ ካሜራ፣ ድምፅ፣ ጥያቄ፣ ቅንብር ለሁሉም ይድረስ። ማርኩም ለውበት ብቻ እንዳይሰጥ ግማሹን ለሂደቱ አድርጉት፦ የዕለት ማስታወሻቸው፣ ምን እንደቆረጡና ለምን እንደቆረጡ የጻፉት፣ ባለታሪኳ ያለችው ነገር። ምስሉ የሚንቀጠቀጥ፣ ግን የተጠየቀችው ሴት «ይህ እኔ ነኝ» ያለችው ፊልም ሙሉ ማርክ ይገባዋል።

ለኮሌጅ ኃላፊዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። የተማሪ ፊልም በየዓመቱ ተሠርቶ፣ በምርቃት ሰሞን አንድ ጊዜ ታይቶ፣ ከተማሪው ስልክ ጋር ይጠፋል። የመጀመሪያው ቅጂ ለባለታሪኳ ይሰጥ፤ ሁለተኛው፣ እሷ ከፈቀደች፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጥር ተሰጥቶት ስሟ ተጽፎበት ይቀመጥ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ መጥቶ ይየው፤ የጎደለውን አይቶ ይነሳ። መምህራን ደግሞ ሴሚስተሩ ሲከፈት ስልኩን ለሴት ተማሪያችሁ ስጧት፣ ወንበሩ ላይ እናንተ ተቀመጡ፤ ልብሱን ማን እንደሚያጥብም እውነቱን ንገሯት።